አደራና ወንዝ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በርን አልፎ የይፋትን ቁልቁለት ሲጨርስ ሸዋ ሮቢትን ያገኛል። ማሾና ሽንኩርት፥ ማሽላና ማንጎ የሚበቅልባት ቆላ ናት። በዚህች ከተማ የሚኖር አንድ የሒሳብ መምህር ከዕለታት አንድ ቀን፥ ጎሕ ሲቀድ፥ ባልዲ አንጠልጥሎ ወደ ሮቢ ወንዝ ወረደ። በባልዲው ውስጥ ከሃምሳ የሚበልጡ ትንንሽ ዓሦች ነበሩ።

ዓሦቹ የሴት ልጁ አደራ ናቸው። ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ በመስታወት ሣጥን ሦስት ጋፒዎች ትታለት ነበር። ጋፒ መነሻው ሰሜናዊ ምሥራቅ ደቡብ አሜሪካ የሆነ፥ ዕንቁላል ሳይጥል ሕያው ጫጩት የሚወልድ ዓሣ ነው። እንስቷ በየአራት ሳምንቱ ገደማ ትወልዳለች፤ በአንድ ጊዜም ሠላሳና አርባ ልትወልድ ትችላለች። መምህሩ ስሌቱን ቢያውቀውም ሣጥኑን ማስፋት አልቻለም። የዓሣ ኩስና የምግብ ትርፍራፊ በውኃ ውስጥ አሞኒያ የተባለውን መርዝ ይፈጥራል፤ ሞቃት ውኃ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ከቀዝቃዛው ያነሰ ነው። ስለዚህ በሮቢት ቀትር ዓሦቹ ወደ ውኃው ገጽ እየወጡ አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር። ጠዋት ሲነሣ ሁለት ሦስቱን ተገልብጠው ያገኛቸዋል። ልጁ ስልክ ስትደውል «ደኅና ናቸው» ማለት ከበደው።

ከወንዙ ዳር አንድ ሽማግሌ የመስኖ ቦያቸውን ይጠርጉ ነበር።

«መምህር፥ በማለዳ ምን ይዘው ነው?»

«ዓሣ ነው፥ አባባ። ቤቱ ጠበባቸው፤ ልለቃቸው ነው።»

ሽማግሌው ወደ ባልዲው ጎንበስ ብለው አዩ። «ይኼ የኛ ወንዝ ዓሣ አይደለም።»

«ከሩቅ አገር የመጣ ነው።»

«ቅንጬም ከሩቅ አገር ነው የመጣው» አሉና ወደ ማሳው ዳር ጠቆሙ። ነጫጭ አበባ ያወጣው አረም ድንበሩን ሞልቶታል። «መጀመሪያ ያየሁት አንድ እግር ብቻ ነበር። ምን ያደርጋል ብዬ አለፍኩት።»

መምህሩ ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ስለ እምቦጭ የሚያውቀው ትዝ አለው። እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ የወጣው በሐምራዊ አበባው ተወድዶ ነበር፤ በየአገሩ ለኩሬ ጌጥ ተተከለ። ከኩሬ አምልጦ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቆቃ ላይ፥ በ2011 ደግሞ ጣና ላይ ታየ፤ ገበሬውና ተማሪው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ዓመታት አለፉ። አበባውን መጀመሪያ የተከለው ሰው ክፉ አላሰበም።

እነዚህ ዓሦች በደብረ ብርሃን ብርድ ቢለቀቁ ባልሰነበቱ ነበር። የቆላው ውኃ ግን ይስማማቸዋል፤ የሚያሰጋውም ይኸው ነው። ጋፒ የትንኝ እጭ ይበላል ተብሎ በተለቀቀባቸው ብዙ ሞቃት አገሮች እስከ ዛሬ ይኖራል። እንስቷ የተባዕቱን ዘር ለወራት በሰውነቷ ማቆየት ስለምትችል አንዲቷ ብቻ ብታመልጥ ወንዝ ለመሙላት ትበቃለች። የነባሮቹን ዓሦች ምግብ ትሻማለች፤ ከመስታወት ቤት ያመጣችውን በሽታም ልታዛምትባቸው ትችላለች። የሮቢ ውኃ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳል፤ አንዴ የገባውን መልሶ የሚሰበስብ የለም።

መምህሩ ባልዲውን አንሥቶ ተመለሰ። በዚያው ዕለት ትንንሾቹን ባለ ደማቅ ጅራት ወንዶች ከትልልቆቹ ግራጫ ሴቶች ለየ። ከዚያም ቤት ፍለጋ ወጣ። አንድ የሥራ ባልደረባው ለሳይንስ ክፍሉ ሃያውን ወሰደ፤ ሁለት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት፥ ወንድ ብቻ፥ ተረከቡ። የቀሩት አዲስ አበባ ወዳለ ወዳጁ ተላኩ። አንድ ሦስተኛውን ውኃ፥ የቀረውን አየር አድርጎ ላስቲኮቹን አሰረ፤ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳው አውቶቡስ ሰደዳቸው። ተቀባዮቹን ሁሉ፦ «ላስቲኩን ሳትፈቱ ሩብ ሰዓት ያህል በአዲሱ ውኃ ላይ አንሳፉት፤ የውኃው ሙቀት ይመጣጠንላቸው» ሲል አሳሰባቸው። «ከሰለቻችሁም ለኔ መልሱ እንጂ ወንዝ አትጣሉ» አላቸው።

ማታ ልጁ ደወለች።

«ስንት ቀሩ፥ አባዬ?»

«ስድስት። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ሌሎቹን ለሰው ሰጠኋቸው።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። «ለማን ለማን?» ብላ ጠየቀች፤ እርሱም አንድ በአንድ ነገራት።

ከሳምንት በኋላ ሽማግሌውን ገበያ ላይ አገኛቸው። የሽንኩርት ጆንያቸውን እያወረዱ፦

«እነዚያ እንግዶች የት ደረሱ?» አሉት።

«ቤት አገኙ፥ አባባ።»

«ደግ» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።