የሌሊት ወፍ የማን ወገን ናት?

ልጆች ሳለን የሰማነው ተረት የሌሊት ወፍን ከግብር የምትሸሽ ብልጣ ብልጥ ያደርጋታል። የወፎች ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ጥርሷን ታሳይና «እኔ አይጥ ነኝ» ትላለች፤ የአይጦቹ ሲመጣ ደግሞ ክንፏን ዘርግታ «አይጥ ይበራል እንዴ?» ትላለች። ትምህርቱ ወላዋይ አትሁን ነው። እኔን ግን እያደር የያዘኝ ጥያቄው ራሱ ነው፤ እውነት የማን ወገን ናት?

ሥራዬ ወባ መፈለግ ነው። በአንድ የቆላ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ፣ ከጣት የተወሰደች የደም ጠብታ በጊምዛ ቀለም ነክሬ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ፋልሲፓረም ነው ወይስ ቫይቫክስ? የሚሰጠው መድኃኒት በዚህ ይወሰናል። ከጣሪያችን ሥር የሌሊት ወፎች ሰፍረዋል። አንድ ቀን አንዲት አያት በትኩሳት የሚነድ የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡና ቀና ብለው አዩአቸው።

«ልጄ፣ ይህን በሽታ የሚያመጡብን እነዚህ አይደሉም? ለምን በጭስ አታባርሯቸውም?»

«አይ እማማ፣ የእኛን ወባ የምታስተላልፈው ቢንቢ ናት። እነሱ እንዲያውም ነፍሳት ነው የሚበሉት።»

አላመኑኝም። አልፈረድኩባቸውም፤ የታመመ ልጅ ያዘለ ሰው ጠላቱን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የሌሊት ወፍም የራሷ ወባ አላት። ላቬራን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ውስጥ የወባን ተውሳክ በወታደር ደም ውስጥ አየ። ያ ክፍለ ዘመን ሳያልቅ፣ ዲዮኒሲ የሚባል ጣሊያናዊ ተመሳሳይ ተውሳኮችን በሌሊት ወፍ ደም አገኘ። ዛሬ ከ1,400 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ በደማቸው የሚኖሩት የወባ ቤተሰቦችም ብዙ ናቸው። ፖሊክሮሞፊለስን የምታስተላልፈው ቢንቢ አይደለችም፤ በሌሊት ወፏ ጠጉር ውስጥ እየተሽሎከለከች ደሟን የምትመጥ ክንፍ የለሽ ዝንብ ናት።

ከሁሉም የሚገርመኝ ሄፓቶሲስቲስ ነው። እኛን የሚያንቀጠቅጠን ተውሳኩ በደማችን ውስጥ እየተባዛ ቀይ የደም ሴሎችን ሲያፈነዳ ነው። ሄፓቶሲስቲስ ግን የሚባዛው ጉበት ውስጥ ነው፤ ወደ ደም የሚወጣው ወደ ሌላ እንስሳ የሚያሻግረውን ነፍሳት ለመጠበቅ ብቻ ነው። የዘረመል ጥናት እንደሚያሳየው የወጣው ከእኛው ወባ ወገን፣ ከፕላዝሞዲየም ነው። ማለትም አያቶቹ ደም ውስጥ ይባዙ ነበር፤ እሱ ተወው። ርኅራኄ አይደለም፤ ሳይባዛም መተላለፍ ስለቻለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ወደ ተረታችን መለሰኝ። በምዕራብ አፍሪካ ደኖች ከተያዙ የሌሊት ወፎች ደም የተገኘው ፕላዝሞዲየም፣ የቅርብ ዘመዱ የአፍሪካ የዱር አይጦች ፕላዝሞዲየም ሆኖ ተገኘ። በዓለም ላብራቶሪዎች የወባ መድኃኒት በአይጥ ላይ የሚሞከረው በእነዚሁ የአይጥ ተውሳኮች ነው። የሌሊት ወፍ ራሷ ግን በዘር ከአይጥ ይልቅ ለፈረስና ለውሻ ትቀርባለች። እንግዲህ እንስሳቱ ሩቅ ናቸው፤ በደማቸው ያለው እንግዳ ግን ዘመዳሞች። ተውሳኩ በአንድ ወቅት ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሯል ማለት ነው።

እኛም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለንም። ፋልሲፓረም ወደ ሰው የመጣው ከጎሪላ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት አሳይቷል። እንዲህ ያለ መሻገር ግን ዕለት በዕለት የሚሆን አይደለም። ተውሳኩ የሚያሻግረው ነፍሳት፣ የሚገባበት የደም ሴል፣ የሚያመልጠው የመከላከያ ኃይል ሁሉ ሊገጥምለት ይገባል። የጎሪላው አንድ ጊዜ ገጠመለት፤ ዋጋውን ዛሬም እየከፈልን ነው። የጣሪያችን እንግዶች ግን የራሳቸውን ወባ ይዘው ይኖራሉ፤ በጭስ ብናባርራቸው በእኔ ስላይድ ላይ አንዲት ጥገኛ እንኳ አትቀንስም።

ለዚያች አያት ይህን ሁሉ መንገር አልቻልኩም፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበር። አሁን ግን እንዲያ የሚጠይቀኝ ሲመጣ መጀመሪያ ስለ አጎበሩ እጠይቃለሁ። ቀዳዳ አለው? ማታ ማን ነው የሚተኛበት? ከዚያ በኋላ፣ ጊዜ ካለ፣ ስለ ሌሊት ወፏ እንጫወታለን።