ፈጣኑ ይሻላል ወይስ ጭቃ ደፋሪው?

ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመው «አንዱን ምረጥ» ቢባል ምርጫ የሚቸግረው ሰው የለም። መኪና የሌለው ሰውማ ከባለመኪናው ይበልጥ ደፍሮ ይመርጣል። ይህን የምንለው በምክንያት ነው። በክፍላችን ካለነው 38 ሠልጣኞች መካከል ብስክሌት እንኳ ያለው የለም። ይሁን እንጂ ባለፉት ሦስት ሳምንታት ስለ ሁለት የጀርመን መኪናዎች ያልተከራከረ አለ ለማለት ያስቸግራል። ክርክሩ ከመኝታ ክፍል ተነሥቶ ሻይ ቤት ገባ፤ ከሻይ ቤት ወጥቶ መምህራን ክፍል ደረሰ። እንግዲህ እዚህ ከደረሰ ዘንድ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ቢወጣ ለሁላችንም ይጠቅማል ብለን ጻፍነው።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። የአንዱ ጓደኛችን ታላቅ ወንድም ሙኒክ አካባቢ መኖር ከጀመሩ 19 ዓመት ሆኗቸዋል። ጓደኛችን «ወንድም ጋሼ» ስለሚላቸው እኛም መልካቸውን ሳናይ ወንድም ጋሼ እንላቸዋለን። መጋዘን ውስጥ ይሠራሉ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ናቸው። ያጠራቀሟት ገንዘብ አለች፤ በእርሷ ያገለገለ መኪና ሊገዙ አስበዋል። ዓይናቸው ያረፈው ግን በሁለት ፈጽሞ በማይመሳሰሉ መኪናዎች ላይ ነው። አንደኛው አውዲ አር ኤስ 6 አቫንት የሚባለው ፈጣን ስቴሽን ዋገን ነው። ሁለተኛው መርሴዲስ ጂ የሚባለው አራት ማዕዘን ጭቃ ደፋሪ ነው። «እናንተ ነገ መምህራን ናችሁ፤ አስባችሁ ምከሩኝ» ብለው ላኩብን። ለእኛ ይህ የፈተና ጥያቄ ሆነ።

መቼም ሳያውቁ መፍረድ ነውር ነውና አስቀድመን የሁለቱን ታሪክ እንመልከት። (ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስቴሽን ዋገን ድሮ የቤተሰብና የዕቃ መኪና ነበር። ልጆች፣ ሻንጣና ውሻ የሚጫኑበት፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ዓይነት ነው። አውዲ በ1994 ከፖርሽ ጋር ሆኖ አር ኤስ 2 የሚባለውን ዋገን ሲያወጣ ነገሩ ተለወጠ። ሞተሩ ባለ አምስት ሲሊንደር፣ 2.2 ሊትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን 315 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በሰዓት 262 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር። በ2002 ደግሞ አር ኤስ 6 ተከተለ፤ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 450 የፈረስ ጉልበት፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ። ፍጥነቱ 250 ላይ በኤሌክትሮኒክስ ታግዷል። ወንድም ጋሼ ያዩት ይኸን የመጀመሪያውን ትውልድ ነው። እንግዲህ የገበያ ዘንቢል ተሸክሞ ስፖርት መኪናን የሚቀድም ማለት ነው።

ጂው ሌላ ዓለም ነው። መመረት የጀመረው በ1979 በኦስትሪያ አገር፣ ግራዝ ከተማ ነው። ከከተማዋ አጠገብ ሾክል የሚባል 1,445 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ አለ፤ መኪናው የሚፈተነው በዚያ ድንጋያማ መንገድ ላይ ነው። አካሉ የተቀመጠው መሰላል በመሰለ ወፍራም ሻንሲ ላይ ነው። ለዳገትና ለጭቃ የሚሆን ከባድ ማርሽ አለው። ከ1990 ወዲህ የተሠሩት ደግሞ ሦስት የዲፈረንሻል መቆለፊያ አላቸው።

«ዲፈረንሻል መቆለፍ ምንድን ነው?» ያለ ጓደኛ ስለ ነበረ የፊዚክስ መምህራችን ያስረዱንን እዚህ እንጨምራለን። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው ይልቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እርሱም ዲፈረንሻል ነው። በአስፋልት ላይ ይህ መልካም ነው። ጭቃ ላይ ግን አንዱ ጎማ ሲንሸራተት እርሱ በከንቱ ይሽከረከራል፤ ደረቅ መሬት የያዘው ጎማ ቆሞ ይቀራል። መቆለፊያው ሁለቱን አስሮ እኩል ያዞራቸዋል። አንዱ ቢሰንፍ ሌላው ይጎትታል ማለት ነው። እኛም «ይኸማ የቡድን ሥራ ነው» ብለን ሳቅን።

ከዚህ በኋላ በሁለት ጎራ ተከፈልን።

የዋገን ደጋፊዎች እንዲህ አሉ፦ ወንድም ጋሼ ከቤታቸው እስከ ሥራቸው 45 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሁሉም አስፋልት ነው። ዋገኑ ዝቅ ስላለ መታጠፊያ ላይ አይወዛወዝም፤ ልጆችም ዕቃም ይይዛል። የጀርመን አውራ ጎዳና ደግሞ በብዙው ክፍሉ የፍጥነት ገደብ የለውም፤ 130 ኪሎ ሜትር በምክር ደረጃ የተቀመጠ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ታዲያ መንገዱ ከፈቀደ፣ መኪናው ከቻለ፣ ምን ቀረ?

ምን እንደ ቀረ የሒሳብ ጎበዙ ጓደኛችን በጠመኔ አሳየን። በጀርመን የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ቀላል ስሌት አለ። ፍጥነቱን ለ10 አካፍለህ በ3 ብታባዛ፣ ሾፌሩ አደጋ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ የሚሄደውን ሜትር ታገኛለህ። ለ10 የተካፈለውን በራሱ ብታባዛው ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደውን ታገኛለህ። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 30 እና 100፣ በድምሩ 130 ሜትር ነው። በ200 ኪሎ ሜትር ግን 60 እና 400፣ ማለትም 460 ሜትር! ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚፈልገው መንገድ አራት እጥፍ ሆነ። መኪናው የፈለገውን ያህል ቢራቀቅ የሰው ዓይንና እግር ያው የድሮው ነው። ቤንዚኑም አለ፤ በፋብሪካው መለኪያ እንኳ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ14 ሊትር በላይ ይጠጣል። ዋገኖቹ ትንሽ ዝም አሉ።

የጂ ደጋፊዎች ተራቸውን ወሰዱ። ጂው በረዶ አይበግረውም፤ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ ይሻገራል፤ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ሲሸጥም ዋጋው ቶሎ አይወድቅም አሉ። መልሱም ወዲያው መጣ። ሙኒክ ውስጥ የትኛውን ወንዝ ሊሻገሩበት ነው? በዚያ ላይ ወደ 2,400 ኪሎ የሚመዝንና እንደ ቁም ሣጥን የቆመ አካል ነፋስን እየገፋ ነው የሚሄደው፤ በአስፋልት ላይ ይህ ሁሉ ነዳጅ ነው። ሌላም ችግር አለ። እርሳቸው ያዩት ጂ የ2002 ናፍጣ ነው። እንደ በርሊንና ሙኒክ ባሉ ከተሞች ከ2008 ጀምሮ የአየር ብክለት መከላከያ ክልል ተደንግጓል፤ አረንጓዴ ምልክት ያልተለጠፈበት መኪና ወደዚያ አይገባም። የጭስ ማጣሪያ ያልተገጠመለት አሮጌ ናፍጣ ደግሞ ምልክቱን አያገኝም። ተራራ የሚወጣው መኪና መሀል ከተማ መግባት ሊከለከል ነው! ጂዎቹም ዝም አሉ።

ክርክሩ እዚህ ላይ እኩል ለእኩል ሊያልቅ ነበር። ነገር ግን ጓደኛችን የወንድም ጋሼን መልእክት እንደ ገና ሲያነብልን፣ መጀመሪያ ሳናስተውል ያለፍናት አንዲት ዐረፍተ ነገር ወጣች፦ «ጂውን የምወደው፣ አንድ ቀን ይዤው ገብቼ ክረምት ቢሆን እንኳ እማዬ ደጅ ድረስ ስለሚያደርሰኝ ነው።»

አሃ! ለካ ጥያቄው የመኪና ብቻ አልነበረም። ወንድም ጋሼ ከሄዱ ወዲህ እናታቸውን ያዩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። መንደሩ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ ዋልካ መሬት ላይ ያለ ነው። እንግዲህ ሰውየው እዚያ በረዶ ውስጥ ቆመው የሚያዩት መኪናውን ሳይሆን በመኪናው መስኮት የእናታቸውን ደጅ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ለመቀለድ አልደፈረም።

ቢሆንም ምከሩኝ ተብለናልና እውነቱን መመርመር ግዴታችን ሆነ። በመጀመሪያ፣ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። ጂው ናፍጣ ነው፤ ዋገኑም ቤንዚን ነው። «መርሴዲስ እኮ በ2024 የኤሌክትሪክ ጂ አውጥቷል» ያለ አልጠፋም። እውነት ነው፤ አራት ሞተር አለው፤ ክብደቱም ከ3,000 ኪሎ ያልፋል። ዋጋው ግን በወንድም ጋሼ ቁጠባ የሚቀመስ አይደለም፤ በመንደሩም ገና መብራት አልገባም። በሁለተኛ ደረጃ፣ የዋልካን ጠባይ ከገጠር የመጣን ሁሉ እናውቀዋለን። ሲርስ እንደ ሊጥ ጎማው ላይ ይለጠፋል፤ የጎማውን ጥርስ ይሞላዋል፤ ጎማው እንደ ተላገ ድንጋይ ልሙጥ ይሆናል። ያን ጊዜ አንድም ቆለፍክ ሦስት፣ አራቱም ጎማ አንድ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ለውጥ የለውም።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ሁላችንም የዘነጋነው ሰው ነበረ። ጓደኛችን እሑድ ለእናቱ ደወለና ነገሩን አጫወታቸው። አንደኛው መኪና በጣም ፈጣን እንደ ሆነ፣ ሌላው ደግሞ ከፍ ያለና ጭቃ የማይፈራ እንደ ሆነ ነገራቸው። እናትየው ጥቂት አሰቡና፦ «ከፍ ያለ ስትል ምን ያህል ነው? እኔ እኮ ጉልበቴ አይታጠፍልኝም፤ በምን እወጣበታለሁ?» አሉ። ቀጠሉና፦ «ደግሞስ በክረምት ና ያለው ማነው? በክረምት እንኳን መኪና በቅሎም ታቅማማለች። ለጥቅምት ይምጣ፣ እሸቱ ሳያልፍ» አሉት።

ይህን ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ፈረስ ጉልበት፣ ስለ ሻንሲና ስለ ማርሽ ስንከራከር፣ መኪናው ውስጥ ማን ይቀመጣል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እናትየው ግን የጠየቁት ይኸንኑ ነው።

ስለዚህ የብዙዎቻችን ምክር የሚከተለው ሆነ። ወንድም ጋሼ ከሁለቱ የግድ አንዱን ከወሰዱ ዋገኑን ይውሰዱ፤ ዓመቱን ሙሉ የሚነዱበት መንገድ አስፋልት ነውና፤ ለልጆቻቸውም ለመግቢያ ይመቻል። ከዚያ የሚሻለው ግን ያው ፋብሪካ የሚሠራውን፣ ቅርጹ አንድ ዓይነት ሆኖ ሞተሩ ትንሽ የሆነውን ዋገን መግዛት ነው። ከዋጋው፣ ከቤንዚኑና ከኢንሹራንሱ የሚተርፈውን ለብቻው ያስቀምጡና የጥቅምት ትኬት ይቁረጡበት። አዲስ አበባ ሲደርሱ መንገዱን የሚያውቅ ሾፌር ከነመኪናው ይከራዩ፤ ለእናታቸውም መወጣጫ የምትሆን አንዲት ዱካ ይያዙ።

ሦስት ጓደኞቻችን በዚህ አልተስማሙም፤ ሐሳባቸውን ማስቀረት ተገቢ አይደለም። «ሰው 19 ዓመት ከአገሩ ርቆ ሲኖር የሚገዛው መጓጓዣ ብቻ አይደለም፤ ጂው ደጃፋቸው ቆሞ ባዩት ቁጥር አንድ ቀን እገባለሁ የሚል ተስፋ ይሰጣቸዋል። ያንን በሒሳብ አትሰርዙባቸው» አሉ። እኛ ይህን አናቃልልም። ነገር ግን ተስፋም ወጪ አለው። ለመግቢያ ተብሎ የተገዛ መኪና በየወሩ የመግቢያውን ትኬት እየበላ ከሄደ፣ መንገዱን ዘጋ እንጂ አልከፈተም። የእናትየው ጉልበትም እስከዚያ ቆሞ አይጠብቅም።

ጥቂት ወራት ቆይተን ሁላችንም ወደየምድባችን እንበተናለን። እዚያም ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ማስተማሪያ መሣሪያ፣ ስለ አቀራረብ ዘዴ «የቱ ይሻላል?» እየተባልን መጠየቃችን አይቀርም። ያን ጊዜ የእኒህ እናት ጥያቄ ትዝ ቢለን ይጠቅመናል፤ ምንም ያማረ ነገር ቢመጣ፣ የሚሳፈርበት ሰው በምን ይወጣበታል?

ምክራችንን ሰኞ ዕለት ልከናል፤ የወንድም ጋሼ መልስ እስካሁን አልደረሰንም። «ተሳስታችኋል» የምትሉ መምህራንና ሠልጣኞች ካላችሁ አስተያየታችሁን በግድግዳ ጋዜጣው ሥር ባለችው ሣጥን ክተቱልን። በተለይ የዋልካ መሬት ልጆች የሆናችሁ፣ በጥቅምት ስንተኛው ሳምንት ላይ መንገዱ ለመኪና እንደሚደርቅ ጻፉልን፤ ትኬቱ ቀን ይፈልጋልና።