«ደህና ነኝ»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህንኑ እየተረትን ግን «እንዴት ነህ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የምንል ሕዝብ ነን። ይህች ቃል በቤታችን ያመጣችውን ጣጣ ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ልናካፍል ብዕራችንን አንሥተናል።

የእናታችን ታናሽ ወንድም በዲቪ አሜሪካ ሄዶ፣ እዚያው ወታደር ሆኖ ኢራቅ ዘምቷል። ከተሰናበተ ወዲህ እንቅልፍ አጣ፤ ሥራም አልበረክትለት አለ። ሕመሙ ከአሠቃቂ ሁኔታ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ይባላል፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በዚህ ስሙ በሕመሞች መዝገብ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በዚያ አገር የወታደር ጉዳት በመቶኛ ይመዘናል። ለዚህ ሕመም 0፣ 10፣ 30፣ 50፣ 70 ወይም 100 ይሰጣል፤ የወር አበሉም መቶኛውን ይከተላል። የሚመዘነው ሕመሙ ሥራንና ከሰው ጋር መኖርን ምን ያህል እንዳወከ ነው።

አጎታችን 30 ተሰጠው። ለምን ቢባል፣ መርማሪው እንቅልፉን ሲጠይቀው «ደህና ነው»፣ ሥራውን ሲጠይቀው «ምንም አይል» ብሏላ! ወረቀት የተነገረውን እንጂ የተደበቀውን አይጽፍም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቶ ከ2019 ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ ውሳኔው ያልተዋጠለት ሰው ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው አዲስ ማስረጃ ጨምሮ ማመልከት ነው። ሁለተኛው በያዘው ማስረጃ ብቻ ከፍ ያለ ገምጋሚ እንዲያየው መጠየቅ ሲሆን፣ ሦስተኛው ለይግባኝ ቦርድ ዳኛ ማቅረብ ነው። አጎታችን የመጀመሪያውን መረጠ። ያዩት ቤተሰቦችም ምስክርነት መጻፍ ስለሚችሉ ደወለልን።

እናታችን ተቆጣች። «ወንድሜን እብድ አሰኝታችሁ ለፈረንጅ ልትጽፉ ነው?» አለች። እኛ ግን ጻፍን፤ «ጀግናው አጎታችን በጭንቀት ባሕር ሰጥሟል» እያልን ሁለት ገጽ ሞላን። አጎታችን በስልክ ሲሰማው፣ «ልጆች፣ ግጥም አይደለም የጠየቅኋችሁ። ያያችሁትን ብቻ፣ ከነቀኑ» አለን።

እንደገና ጀመርን። በ2016 ክረምት ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። ነሐሴ 13፣ የቡሄ ዕለት፣ የሰፈር ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ከወንበሩ ወርዶ ግድግዳ ሥር ተኛ። እስኪመሽም በሩን እያየ ተቀመጠ። ይህንኑ ጻፍን። ከመካከላችን አንዱ «ሰው መለየት አቅቶታል እንበል» ቢል እናታችን ከጓዳ ሆና፣ «ያላየነውን አንጽፍም!» አለች። ቀጥላም ወጥታ ከአጠገባችን ተቀመጠችና፣ «ከአሥር ሌሊት ሰባቱን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነው ያነጋው። እኔም ተኝቼ አላውቅም፤ ይህን ጻፉ» አለችን። ጻፍን፤ ፈረመች።

ውሳኔው ገና አልመጣም። ባለፈው እሑድ ሲደውል ግን እናታችን እንደ ልማዷ «እንዴት ነህ?» ብትለው፣ «ዛሬስ ደህና አይደለሁም፣ እታለም» አላት። ቁጭ ብላ ሰማችው።

እኛም ነገ ከነገ ወዲያ ክፍል ገብተን «ገባችሁ?» ስንል «አዎ!» የሚሉን ልጆች ይኖራሉ። ዝም ብሎ የተቀመጠውን ልጅ ሁለተኛ እንጠይቀው፤ መልሱንም ቁጭ ብለን እንስማ።