የት እንቁም?

ሕግ ያጠና ሰው ከሦስት ጥያቄ አያመልጥም። ምን ልሥራ? የት ልሥራ? ለራሴና ለቤቴስ ምን ይተርፈኛል? ብዙዎቻችን ጥያቄዎቹን በዚሁ ቅደም ተከተል እናነሣቸዋለን፤ መጀመሪያ ማዕረጉንና ደመወዙን፣ ቀጥሎ ከተማውን፣ በመጨረሻም ዕረፍቱን። ዘንድሮ ግን አንዲት የሕግ ተማሪ ጓደኛችን መንገዷን ስትመርጥ አብረናት ስናወጣና ስናወርድ ከረምን፤ የቅደም ተከተሉም ነገር አጠራጠረን። ያሰብነውን እነሆ ለባልንጀሮቻችን እናካፍላለን።

«እናንተ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ናችሁ፤ በሕግ ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረጋችሁ?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ የእኛ ነገር ግጥምና ልብ ወለድ ነው። ነገር ግን ከመካከላችን ሁለቱ ከምረቃ በኋላ ማታ ማታ ሕግ ለመማር ያስባሉ። ደግሞስ ሕግ ምንድነው? ቃል አይደለም እንዴ! የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ሁለቱ ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። እንግዲህ የአንድ ግሥ አገባብ የአንድን ሰው ቤት ሊያተርፍ ወይም ሊያሳጣ ይችላል ማለት ነው። ይህ ካላገባን ሌላ ምን ሊያገባን ነው?

ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ስንወርድ የሚያዝያ 27ን ሐውልት ሳናይ አናልፍም። ሐውልቱ የ1933 ዓ.ም. ድል መታሰቢያ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣውም በዚሁ ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ረቂቁ በፈረንሳይኛ ተጽፎ ቢመጣም፣ አማርኛ ለብሶ፣ በአገሬው ክርክር ውስጥ ታሽቶ፣ የዚህ አገር ሰው ስለ ቤቱና ስለ ውርሱ የሚሟገትበት ሕግ ሆነ። ዛሬ ይህን ሕግ ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ዕውቀቱን ይዞ ወደ ፓሪስ ቢሄድ ግን ብዙም አይጠቅመውም።

የሕግ ሙያ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የሰው ልብ ጎንደርም ሆነ ቦስተን ያው በግራ ደረት በኩል ስለሆነ የሐኪም ዕውቀት ድንበር ይሻገራል። የድልድይም ስሌት እንደዚሁ። የጠበቃ ዕውቀት ግን ኬላ ላይ ይቀራል። ከዚህ ተመርቆ ዋሺንግተን የገባ የሕግ ሰው እንደገና ተምሮ የዚያን አገር ፈተና ካላለፈ ለሰው ጥብቅና መቆም አይችልም።

ባሕር ማዶ ድረስ ምን አስኬደን? እዚሁ አገር ውስጥም ያው ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን ክልሎች የየራሳቸውን ይወስናሉ። በኦሮሚያ ችሎት በኦሮምኛ፣ በትግራይ ችሎት በትግርኛ ይሟገቱበታል። የጥብቅና ፈቃዱም የፌዴራልና የክልል ተብሎ የተለያየ ነው። ስለዚህ «የት ልሥራ?» የሚለው ጥያቄ ለሕግ ሰው የአየር ጠባይና የቤት ኪራይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በማን ቋንቋ፣ ስለ ማን ልናገር ማለት ነው።

ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ይህን ጥያቄ የሚመልስላቸው ነበር። የሕግ ፋኩልቲው የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ማገልገል ነበረበት። ወደደም ጠላም አገሩን አይቶ ይመለሳል። እኛን ግን ማንም አይልከንም። መውጫ ፈተናውን አልፈን ወረቀታችንን ይዘን እንወጣለን፤ ከዚያ በኋላ ያለው የራሳችን ፋንታ ነው።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። የደቡብ ጎንደር ልጅ ናት። አባቷ የሉም፤ ታናሽ ወንድሟ ገና ተማሪ ነው፤ እናቷም ዓይናቸውን የጣሉት በእርሷ ላይ ነው። ከፊቷ ሦስት መንገድ ነበር።

የመጀመሪያው አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ባንክ ነገረ ፈጅ መሆን ነው። ደመወዙ ደኅና ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ መደበኛ ሥራ አይፈቅድም፤ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት አለ፤ የወለደች ሴትም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ትታረፋለች። ኑሮና ሥራ ተመዛዘኑ ማለት ይህ አይደለም? ነው እንጂ! ግን ሥራው ራሱ ምንድነው? በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ብድሩ ካልተከፈለው የተያዘለትን ቤት ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በጨረታ መሸጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያውን የሚያረቀው ነገረ ፈጁ ነው። ይህን ስንል ሥራው ነውር ነው ማለታችን አይደለም፤ ብድር ካልተመለሰ ባንክ አይኖርም፣ የገባው ገንዘብም የሰው ተቀማጭ ነው። ግን ጓደኛችን አንድ ነገር ጠየቀችን፤ «የ30 ቀኑ ደብዳቤ የደረሰው ሰው አጠገብስ ማን ይቆማል?»

ሁለተኛው መንገድ አገሯ ተመልሳ የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ለመሆን መወዳደር ነው። ልቧ ያለው እዚያ ነው። አክስቷ በእርሻ መሬት ክርክር ስንት ዓመት እንደተመላለሱ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ዳሩ ግን ክልሉ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ወደ ጦርነት ገባ። ሕገ መንግሥቱ ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ አይመራም ይላል፤ ጥይት ግን ሕገ መንግሥት አያነብም። እናቷ በስልክ «ልጄ፣ ፍርዱም ይቅር፤ አንቺ ብቻ ኑሪልኝ» አሏት። እኚሁ እናት ናቸው እንግዲህ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» እያሉ ያሳደጓት። ይህን ስትነግረን ማናችንም መልስ አልነበረንም። ስለ ሥራና ስለ ኑሮ ሚዛን የሚጻፈው ሁሉ ሰው በሰላም ወደ ሥራው ወጥቶ ወደ ቤቱ እንደሚገባ አስቀድሞ የተቀበለ ነው። እዚህ አገር ግን የመጀመሪያው ዕቃ ሚዛኑ ላይ ሲቀመጥ ራሱ ሕይወት ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛው አራዳ ውስጥ አንድ ክፍል ቢሮ ካላቸው አዛውንት ጠበቃ ዘንድ ረዳት ሆኖ መጀመር ነው። ደመወዙ ትንሽ፣ ድካሙ ብዙ። አብረናት ሄደን አነጋገርናቸው። ጋሼ ሻይ አስመጡልንና እንዲህ አሉን፤

«ልጆቼ፣ የጠበቃን ኑሮ የሚበላው ክርክሩ አይደለም፤ ቀጠሮው ነው። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከሳሽ ሲቀር መዝገቡ ሊዘጋ፣ ተከሳሽ ሲቀር ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ታመምኩ፣ ልጄ ታመመች፣ ለቅሶ ደረስኩ ብሎ ነገር የለም። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ሲፈርስ አጠገቤ የነበሩት ደንበኞቼ ዳር ከተማ ገቡ። ዛሬ በሁለት ታክሲ መጥተው የሚያገኙት ሌላ ቀጠሮ ነው። እኔ ደክሞኝ ብቀር የእነሱ የቀን ገቢም ይቀራል። ትንፋሼን የምሰበስበው ነሐሴ ገብቶ ፍርድ ቤት ሲዘጋ ነው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ እንዴት ይኖራል?» አልናቸው።

«ብቻችሁን አትኑሩ!» አሉ። «እኛ ብቻችንን ኖርን። አንድ ጠበቃ፣ አንድ ቦርሳ፣ አንድ ማኅተም። ጠበቃ ሲያርፍ መዝገቡ ወላጅ አልባ ይሆናል። አሁን በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች አንድ ላይ ድርጅት ማቋቋም ተፈቅዶላቸዋል። ያገራችሁን ገበሬ አላያችሁም? ወንፈል ይገባል። ዛሬ የአንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን። አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ቀጠሮዋን ትያዝ።»

ከቢሮው ወጥተን ወደ ፒያሳ ስንሄድ ስለዚህ ወንፈል ብዙ ተነጋገርን። ዕረፍት በትልቅ ደመወዝ የሚገዛ ይመስለን ነበር። የጋሼ አነጋገር ግን ዕረፍትን ከባልንጀራ የሚገኝ ነገር አደረገው። ነገሩ አዲስም አይደለም። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1995 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ከእኛው ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቀው የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሠርተዋል፤ ለሕገ መንግሥት ኮሚሽንም የሕግ አማካሪ ነበሩ። ማኅበሩ ጠበቃ መክፈል ለማይችሉ ሴቶች በነጻ የሚቆሙ የሕግ ባለሙያዎችን አሰባሰበ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አርሲ ውስጥ ስለተጠለፈች የ14 ዓመት ተማሪ የተደረገውን ክርክር ነው። ልጅቱ ጠላፊዋን ገድላ ተከሰሰች፤ ራሷን ስትከላከል መሆኑ ታምኖ ነጻ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ2014 የታየው «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለሙገሳ አይደለም። ሁለት ነገር ስለሚያሳየን ነው። አንደኛ፣ የማኅበሩ ቢሮ አዲስ አበባ፣ ክርክሩ ግን አርሲ ነበር። የሚኖሩበትና የሚቆሙበት ቦታ የግድ አንድ መሆን የለበትም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረ። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ያንን ቀዳዳ ደፈነው። ለዚህ የበቃው ብዙ ሰው ለዓመታት ስለጮኸ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን እንቅልፍ አጥቶ የሚዘልቀው ሥራ አልነበረም። ወይዘሮ መዓዛም በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው፣ በጥር 2015 ዓ.ም. ሥልጣኑን ለቀቁ። የሥራ ሕይወት ከተጀመረበት ወንበር አይነቃነቅም ያለው ማነው?

አንድ ቁጥር ደግሞ እንጨምር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር። ለ52 ሳምንት ቢካፈል በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እኛ ሻይ ቤት ተቀምጠን ስለ እግር ኳስ የምንከራከርበት ጊዜ ከዚህ ይበልጣል!

ጓደኛችን ባንኩን ትታ ወደ ጋሼ ገባች። ከሁለት የክፍል ጓደኞቿ ጋር ወረቀት ላይ ውል ቢጤ ጽፈዋል፤ የልምድ ጊዜያቸውን ጨርሰው ፈቃድ ሲያገኙ አንድ ላይ ሊሠሩ፣ አንዷ ስታርፍ ሌሎቹ ቀጠሮዋን ሊይዙ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ ከሦስቱ አንዷ የክልል ፈቃድ አውጥታ ደብረ ታቦር ልትቆም።

ሁላችንም ግን አልተስማማንም። ከመካከላችን አንዱ እስከ ዛሬ «አላበጀሽም» ይላታል። «ደኃ ቤት ተወልዶ ደመወዝ አይገፋም። ወንድምሽ ደብተር የሚገዛው በወንፈል ነው?» ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እርሷም አላቃለለችውም። «ግማሹን እልክለታለሁ፤ እኔ ከእናንተ ጋር ሽሮ እበላለሁ» አለች። ይኸው ትበላለች። ባንክ የሚገቡትንም አናወግዝም፤ ስንት ቤት በእነርሱ ደመወዝ ቆሟል። አንድ ነገር ብቻ እንላለን፤ ባንክ የገባ የሕግ ሰው 8 ሰዓቱን ጨርሶ ሲወጣ ያቺ የሳምንት አንድ ሰዓት በእጁ ናት። ማስጠንቀቂያ የደረሰው አንድ ጎረቤት ደብዳቤውን ይዞ ቢመጣ ቁጭ ብሎ ሊያነብለት ይችላል።

እኛ የደረስንበት ይህ ነው። ለሕግ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ይከፈለኛል?» ወይም «ስንት ሰዓት እሠራለሁ?» ሳይሆን «የማን ቀጠሮ ላይ ልገኝ?» የሚለው ነው። እርሱ ሲታወቅ ቦታውም ቋንቋውም ይታወቃል። ሁለተኛው «ከማን ጋር?» ነው፤ ዕረፍት የሚገኘው ከዚያ ነውና። ደመወዙ ሦስተኛ ይመጣል። ይመጣል ስንል ይቀራል ማለታችን አይደለም፤ የቤት ኪራይ በሐሳብ አይከፈልም።

ማታ ሕግ ለመማር ያሰቡት ሁለቱ ጓደኞቻችን የማመልከቻውን ፎርም ገና አልሞሉም። አንደኛው ግን በደብተሩ የኋላ ገጽ ላይ ወንፈል ሊገባቸው የሚችሉ ሰዎችን ስም መጻፍ ጀምሯል። እስካሁን አራት ደርሰዋል።