ስለ አጥርና ስለ ጎረቤት

ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጋጩ ምክንያቶች ብዙዎች ናቸው። አንዳንዱ ጠብ በገንዘብ፣ አንዳንዱ በልጆች፣ ሌላውም በወሬ አመላላሽ ይመጣል። ከሁሉ ይልቅ ግን ሲጀመር ትንሽ መስሎ በመጨረሻው የሚከብደው፣ በሁለት ግቢዎች መካከል በቆመ ተክል የሚነሣው ጠብ ነው። ነገሩን ከሩቅ የሚሰማ ሰው «ለአንድ ጥድ ብለው ተኳረፉ» ብሎ ይሥቃል፤ በቅርብ ሆኖ ያየው ግን አይሥቅም። እኛም በቅርብ ሆነው ካዩት ወገን ስለሆንን፣ ያየነውንና ያሰብነውን ለአንባብያን ለማካፈል ብዕራችንን አነሣን።

በመጀመሪያ አጥር ለምን እንደሚታጠር ማሰብ ይገባል። ሌባ ለመከላከል ነው የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ነገር ግን ሰንሰልና ግራዋ ሌባን እንደማይመልሱ አጣሪው ራሱ ያውቃል። በሀገራችን ከቤት ሥራ የሚበዛው የሚሠራው በግቢ ነው። በርበሬ የሚሰጣው፣ እህል የሚበጠረው፣ ልብስና ሕፃን የሚታጠቡት፣ ያዘነም ሰው ብቻውን ተቀምጦ የሚያለቅሰው በጓሮ ነው። ቤተ ሰቡ ምን እንደበላና ምን እንደለበሰ፣ እንግዳ መጥቶ ምን እንደጎደለ ሁሉ በጓሮ ይታያል። ይህን ሁሉ አባቶቻችን ገመና በሚል አንድ ቃል ጠርተውታል። እንግዲህ አጥር የሚታጠረው ገመናን ለመክተት ነው፤ ለሰው ልብስ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ለቤትም አጥር ያስፈልገዋል።

አጥሩም እንደ ሀገሩ ይለያያል። በቆላ ቁልቋልና ቅንጭብ፣ በወይና ደጋ ሰንሰልና ግራዋ፣ ከፍ ባለው አገር ቀጋና ጥድ ያጥራሉ። እያንዳንዱ ተክል የራሱ ጥቅምና ጉዳት አለው። ሰንሰል ቅርንጫፉን ቈርጠው ቢተክሉት ይበቅላል፤ አጋም እሾኹ ይከላከላል፣ ፍሬው ልጆችን ያስደስታል። ቅንጭብን ከብት አይደፍረውም፤ ሲቈረጥ የሚያፈስሰው ነጭ ወተት ግን ከዐይን ቢገባ ክፉኛ ይጎዳል። ከአውስትራልያ መጥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተስፋፋው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ከሥሩ የተዘራ አትክልት ግን አይቀናውም። የፈረንጅ ጥድ የምንለው፣ መነሻው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የሆነው ተክልም፣ በየዓመቱ ከተከረከመ ያማረ አረንጓዴ ግድግዳ ይሆናል፤ ካልተከረከመ ግን ትልቅ ዛፍ ይሆናል። የተክል አጥር ከድንጋይ አጥር የሚለየው በዚህ ነው። ድንጋይ እንደተካበ ይኖራል፤ ተክል ግን ያድጋልና፣ የዛሬ አምስት ዓመት የተስማሙበት ቁመት ዛሬ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

አሁን በምንኖርበት በአዲስ አበባ ሰፈር ከጥቂት ዓመታት በፊት የሆነውን እንንገር። የሰዎቹን ስም መጥራት ገመናቸውን መግለጥ ስለሚሆን እንተወዋለን። ሰፈራችን ከእንጦጦ በኩል ወደ ደቡብ የሚያዘቀዝቅ ነው። በላይ በኩል ያለው ግቢ የአንዲት ባልቴት ነው። እሳቸው በርበሬና ጌሾ አድርቀው በመሸጥ፣ ሁለት ሰርቪስ ቤትም በማከራየት ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። በታች ያለው ግቢ ደግሞ ዕድሜያቸውን በመምህርነት ፈጽመው ጡረታ የወጡ አንድ ሰው ከባለቤታቸውና ከሴት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩበት ነው። ሁለቱን ግቢዎች የሚለየው የቆየ የሰንሰል አጥር ነበር፤ በመካከሉም ሰው ጐንበስ ብሎ የሚያልፍበት መሹለኪያ ነበረው። ቡና ሲፈላ የሚጠራሩት፣ ወንፊትና ምጣድም የሚዋዋሱት በዚያ ነበር።

ሰርቪሶቹ ከተከራዩ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። ተከራዮቹ ጐልማሶች ነበሩና ማታ ማታ በበራቸው ላይ ይቀመጡ ጀመር። ከዚያ ቦታ ሆኖ ለሚያይ ሰው የመምህሩ ጓሮ ከነዕቃው ወለል ብሎ ይታያል። ልጃገረዶቹ ልብስ ማጠብና ጠጕራቸውን መታጠብ ተቸገሩ። መምህሩም ለማንም ቃል ሳይናገሩ ሰንሰሉን አስነቅለው በምትኩ የፈረንጅ ጥድ በአንድ መስመር ተከሉ። መሹለኪያውም በዚያው ተዘጋ። ከስድስት ዓመት በኋላ ጥዱ ከቤቱ ክዳን በላይ ሆነ።

በዚህ የመምህሩ ገመና ተከተተ፤ የባልቴቷ ፀሐይ ግን ተጋረደች። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በርበሬ በሚሰጣበት ጊዜ፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የጥዱ ጥላ ረዝሞ በሰሜን በኩል ባለው በባልቴቷ ግቢ ላይ ያርፋል። በርበሬው እስከ እኩለ ቀን ቅዝቃዜ እንደያዘ ይውላል፤ የሻገተውም ይጣላል። የሻገተው በርበሬ ለባልቴቷ የልጆች ደብተርና ጫማ ነበር። አንድ ቀን ከአጥሩ አጠገብ ቆመው፣ «መምህር፣ ፀሐይን እግዚአብሔር ለሁላችን ሰጥቷት ሳለ ለምን ይከለክሉኛል?» አሉ። መምህሩም፣ «እማማ፣ የልጆቼን ገላስ ለመንገደኛ ሁሉ እንዲታይ ነው የሰጣቸው?» ብለው መለሱ።

ከዚያ ቀን ወዲያ መነጋገር ቀረ። ከጥዶቹ ሁለቱ በደረቁ ጊዜ «የፈላ ውኃ ተደፍቶባቸው ነው» የሚል ሐሜት ተነሣ፤ ማስረጃ ግን አልተገኘም። ልጆች አጥር ዘልሎ የሄደ ኳሳቸውን ለመጠየቅ ፈሩ። በመጨረሻም የመምህሩ ባለቤት ታመው በተኙ ጊዜ ባልቴቷ ሳይጠይቋቸው ቀሩ። ሕመምተኛን አለመጠየቅ በሰፈራችን ልማድ ከስድብ ሁሉ የሚከፋ ስለሆነ፣ ይህን ጊዜ ነገሩ ከጥድ አልፎ እንደሄደ ሁላችንም አወቅን።

ሁለቱም በየፊናቸው ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አመልክተው ነበር። ለሁለቱም የተሰጠው መልስ «በይዞታዎ መጠቀም መብትዎ ነው» የሚል ሆነ። መልሱ ለሁለቱም አንድ ስለነበረ ለአንዳቸውም አልጠቀመም።

እኛም ሕጉ ምን ይላል ብለን ተመለከትን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 1225 ባለሀብት በሀብቱ ሲገለገል ጎረቤቱን ከማወክና ከመጉዳት እንዲጠነቀቅ ያዝዛል። ይልቁንም ጢስን፣ ጥቀርሻን፣ መጥፎ ሽታን፣ ጩኸትንና ንዝረትን ከመልካም ጉርብትና ልክ በሚያልፍ አኳኋን እንዳያደርስ ይከለክላል። ከነዚህ መካከል ጥላና የሰው ዐይን በስማቸው አልተጠሩም፤ ነገር ግን አስቀድሞ የተነገረው ጠቅላላ ቃል የማያቅፋቸው አይመስለንም። እኛን ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበን ግን ሕጉ መለኪያ ያደረገው መልካም ጉርብትናን መሆኑ ነው። ልኩን የሚያውቁት ጎረቤታሞቹ ራሳቸው ናቸውና፣ ሕጉን አንብቦ የወጣ ሰው ተመልሶ የሚሄደው ወደ ጎረቤቱ ደጅ ነው።

በሌሎች አገሮች በሜትር የለኩትም አሉ። በፈረንሳይ ሌላ ደንብ ወይም የአካባቢ ልማድ ከሌለ፣ ከ2 ሜትር በላይ የሚያድግ ተክል ከወሰኑ 2 ሜትር፣ ከዚያ የሚያንሰው ግማሽ ሜትር ርቆ እንዲተከል ሕጋቸው ያዝዛል። በእንግሊዝ አገርም የአጥር ጥድ ጠብ ስለበዛ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ሕግ ከ2 ሜትር በላይ የሆነና ቅጠሉ የማይረግፍ አጥር ብርሃን ቢጋርድበት፣ ባለቤቱ ለአካባቢው አስተዳደር አቤት እንዲል ተፈቅዷል። ይህም አስቀድሞ በራሱ በኩል ለመስማማት ከሞከረ በኋላ ነው። እንግዲህ ጠቡ የእኛ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ጠባብ ግቢ ላለው ሰው ከወሰን 2 ሜትር መተው ጓሮውን እንደ መተው ስለሆነ፣ የሰውን ደንብ እንዳለ ማምጣት ለእኛ ሰፈር የሚመች አይመስለንም።

ነገሩ በመጨረሻ በዕድሩ ሽማግሌዎች እጅ ገባ። እኛም ከወረቀት ጋር የምንውል ሰዎች ነንና ቃለ ጉባኤ እንድንይዝ ተጠራን። ሽማግሌዎቹ ማን አስቀድሞ እንደበደለ አልጠየቁም። በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ከጥዋቱ በ3 ሰዓት በባልቴቷ ግቢ ተቀመጡና መምህሩን አስጠርተው በጥላው ውስጥ በርጩማ ሰጧቸው። ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ እስከ 5 ሰዓት ዝም ብሎ ተቀመጠ። መምህሩ በሰሌን ላይ የተሰጣውን በርበሬ በእጃቸው ዳሰሱት፤ ረጥቦ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባልቴቷን ወደ መምህሩ ጓሮ ወስደው በልብስ ማጠቢያው አጠገብ አስቀመጧቸው። የሽማግሌዎቹም አለቃ ወደ ተከራዮቹ በር ወጥተው ሁለቱ ጥዶች በደረቁበት ክፍተት ቁልቁል እያዩ፣ «እማማ፣ መቀነትዎ ተፈትቷል» ብለው ተጣሩ። ባልቴቷ ደንግጠው ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ረጅም አልነበረም።

የጻፍነው ስምምነት አራት ነገር የያዘ ነው። ጥዱ በባልቴቷ ግቢ ከቆመ ሰው ራስ አንድ ክንድ ብቻ እንዲያልፍ ሆኖ ይቈረጣል። በየዓመቱ በጥቅምት፣ በርበሬ ሳይሰጣ፣ በሁለቱ ወጪ ተከርክሞ ቅርንጫፉን እኩል ይካፈላሉ። በደረቁት በሁለቱ ፈንታ ሰንሰል ይተከላል። ባልቴቷም በተከራዮቹ በር ፊት የቀርከሃ መከለያ ያቆማሉ። ሁለቱም ፈረሙ፤ ባልቴቷም በማግሥቱ የመምህሩን ባለቤት ሄደው ጠየቁ። ስምምነቱ እስከ ዛሬ ይጠበቃል፤ ሰላምታውም ተመልሷል። መሹለኪያው ግን አልተከፈተም፤ ለቡና ሲጠራሩ የሚመጡት በዋናው በር ዞረው ነው።

ከዚህ የተረዳነው ሁለቱም ክፉዎች እንዳልነበሩ ነው። የመምህሩ ጭንቀትም የባልቴቷ ችግርም እውነተኛ ነበር። ጉዳቱ የመጣው ጥዱ በዝምታ በመተከሉ ነው። ያን ዕለት አንድ ሰው አጥሩን አልፎ «ተከራዮችዎ ያዩናል፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፣ መከለያው ከስድስት ዓመት በፊት በቆመ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ብዙ ሰው ችግኝ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። አንድ ስንዝር የምታህል ችግኝ ጉዳት የምታደርስ አትመስልም። ስለዚህ በወሰን ላይ ተክል ለመትከል የሚያስብ አንባቢያችን፣ ጉድጓዱን ከመቆፈሩ በፊት ሦስት ነገር ከጎረቤቱ ጋር ቆሞ ቢነጋገር እንመክራለን፤ ይህ ተክል ሲያድግ ምን ያህል ይሆናል? በታኅሣሥ ጥላው በማን ላይ ይወድቃል? የሚከረክመውስ ማን ነው? የእንዲህ ያለ አቤቱታ የሚቀበሉ የሥራ ባልደረቦቻችንም፣ ለሁለቱም አንድ መልስ ከመስጠታቸው በፊት፣ ጉዳቱ በሚደርስበት ሰዓት በሁለቱም ግቢ ጥቂት ተቀምጠው ቢመለከቱ መልካም ነው።