ልዝጋው ወይስ ልጠግነው?

አንድ ሥራ ጀምራችሁ፣ መጀመራችሁንም ለወዳጅ ለጎረቤት አውርታችሁ፣ ኋላ ነገሩ እንዳሰባችሁት ሳይሆን ቀርቶባችሁ ያውቃልን? እኔ ይህ የደረሰብኝ በእርሻ ወይም በንግድ ሳይሆን በድረ ገጽ ነው።

የማስተምረው ፊዚክስ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ያለፋችሁበት፣ አንዳንዶቻችሁም አሁን ያላችሁበት መንገድ ነው። ልጁ የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሳያስቀር ይወጣዋል፤ «ምን ማለት ነው?» ሲባል ግን ጣራ ጣራ ያያል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ የየራሱን ምክንያት ሲደረድር ነበር። የኔ ምክንያት ይኸው የቋንቋው ነገር ነበርና፣ ትምህርቱን በአማርኛ እያፍታታሁ የማስቀምጥበት ቦታ አንድ ቀን እከፍታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር ከፈትሁት። ድረ ገጽ ሁለት ኪራይ አለው፤ አንዱ የስሙ ነው፤ ሁለተኛው ጽሑፉ የሚያድርበት ኮምፒዩተር ነው። ሁለቱም የሚከፈለው በዶላር ስለሆነ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በካርዱ ከፈለልኝ። የመጀመሪያው ዓመት በጠቅላላው 36 ዶላር ነበር፤ በጊዜው የባንክ ምንዛሪ ከ2,100 ብር አይበልጥም። ገንዘቡን ልስጥህ ብለው «ለእናቴ ቡና ግዛላት» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ከዓለም ድረ ገጾች ከመቶ 40 የሚበልጡት በቆሙበት ዎርድፕሬስ በተባለው መሣሪያ፣ ሦስት ሌሊት ሳልተኛ ሠራሁት። መስከረም ሲጠባ ርእሰ መምህራችን በሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ ላይ ወጥተው ነገሩን አወጁት። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። አልደብቃችሁም፣ ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም።

በዐሥራ አንድ ወር ውስጥ 47 ገጽ ጻፍሁ። ጎብኚ ግን የለም። ቈጣሪው በቀን 9፣ አንዳንድ ቀን 12 ይላል። መጀመሪያ በዚህም ተጽናንቼ ነበር፤ ዘጠኝ ተማሪ እኮ አንድ ረድፍ ወንበር ይሞላል። ዝርዝሩን ባየሁት ጊዜ ግን ከዘጠኙ አራቱ እኔው ራሴ፣ አንድ ጊዜ በስልኬ፣ አንድ ጊዜ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር የገባሁባቸው ናቸው። የቀሩትም አብዛኞቹ ሰው አይደሉም፤ በዓለም ያለውን ድረ ገጽ ሁሉ እየዞሩ በር የሚያንኳኩ፣ ያልተቈለፈ መስኮት የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ናቸው። ለካ ስለ ፍጥነትና ስለ ሰበቃ ስጽፍ የከረምሁት ለእነሱ ኖሯል!

እንዲህ ሳለሁ በ2017 ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ላይ የዕድሳት ደብዳቤ መጣ፤ 123 ዶላር። የእነዚህ አከራዮች ልማድ ነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት በርካሽ ይሰጡና በሁለተኛው እውነተኛውን ዋጋ ያወጣሉ። ደንቡ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ ያላነበብሁት እኔ ነኝ። በመካከሉ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ 57 ብር የነበረው ዶላር ከ130 ብር በላይ ደርሷል። ብታባዙት ወደ 16,000 ብር ይጠጋል። ይህ የአንድ ወር ደመወዜን ጠርጎ ወስዶ «ጨምር» የሚል ገንዘብ ነው። የአክስቴ ልጅ እንደ ልማዱ «እኔ እከፍለዋለሁ፣ አንተ አትጨነቅ» አለኝ። ነገር ግን 36 ዶላር ስጦታ ነው፤ 123 ዶላር በየዓመቱ መቀበል ግን በሰው ጫንቃ ላይ መቀመጥ ነው። እሱም ቢሆን የሚያገኘው በሌሊት መኪና እየነዳ ነው።

ስለዚህ ልዝጋው ወይስ ልጠግነው? ምክር ፍለጋ ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ሄድሁ።

የኢኮኖሚክስ መምህሩ «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» አለኝ። «ስንት ሌሊት ደከምሁበት የምትለውን ከሒሳቡ አውጣው። ያ ሄዷል። ከዛሬ ወዲያ የምታወጣው ምን ያመጣል? ጥያቄው ይኸ ብቻ ነው።» አነጋገሩ ቢያናድደኝም የሚመለስለት ቃል አጣሁ። እፍረቴን እንደ ዕዳ ቈጥሬ በሒሳቡ ውስጥ አስገብቼው እንደ ነበር የታወቀኝ እሱ ሲናገር ነው።

የባዮሎጂ መምህርቷ ደግሞ «ቴሌግራም እያለልህ ምን አስቸገረህ?» አለችኝ። የእሷ ቻናል 2,300 ተከታይ አለው። በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ክርክሯ የዋዛ አልነበረምና። ተማሪው ያለው እዚያ ነው። ኪራይ የለውም። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ፣ ልጁ ፋይሉን አንድ ጊዜ ካወረደው ኔትወርክ በሌለበት ቀዬ፣ በበጋም በክረምትም ያነበዋል፤ የኔን ገጽ ለማየት ግን በተመለሰ ቍጥር ዳታ መክፈል አለበት። ይህን ስትነግረኝ ለመዝጋት ወሰንሁ ማለት ይቻላል።

በዚያው ሌሊት ጽሑፎቼን ወደ ፍላሽ ለመገልበጥ ተቀመጥሁ። ከመዝጋቴ በፊት ለገጹ አንድ ቅጂ ሌላ ቦታ ቀርቶለት እንደሆነ ለማየት ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድረ ገጾችን ቅጂ የሚያከማቸውን ኢንተርኔት አርካይቭን ፈለግሁ። ድረ ገጽ ሲዘጋ እንደ ወረቀት መጽሐፍ ሣጥን ውስጥ አይገኝም። ቲም በርነርስ ሊ በሰርን ሆኖ በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያሳየው የመጀመሪያው ድረ ገጽ እንኳ በላዩ እየታረመ ስለ ሄደ፣ ጥንተ መልኩ አልተገኘም፤ ሰርን በ2013 እ.ኤ.አ. በቀድሞ አድራሻው መልሶ ያቆመው የ1992ቱን ቅጂ ነው። ተራ ሰዎች የየራሳቸውን ገጽ በነጻ የሚሠሩበት ጂኦሲቲስም በ2009 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ፣ የተረፈው ፈቃደኞች ተሯሩጠው የገለበጡት ነው። ታዲያ ለኔ ገጽ አንድ ቅጂ ብቻ ተገኘ። እሱም ዎርድፕሬስ በተከፈተበት ቀን ከራሱ የሚያስቀምጠው «ሄሎ ወርልድ» የሚለው ባዶ ሰላምታ ነበር። ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን አንጀት የሚያርስ አልነበረም።

ይህን ያህል ሰው ያልደረሰበት ለምን ይሆን ብዬ የገጹን ውስጥ ደንቦች አንድ በአንድ መፈተሽ ጀመርሁ። እዚያ፣ «ንባብ» በሚለው ክፍል ሥር፣ አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች። «የፍለጋ መሣሪያዎች ይህን ድረ ገጽ እንዳይመዘግቡ ከልክል» ትላለች። በውስጧም ምልክት ተደርጎባታል። መጀመሪያ ስሠራው፣ ያላለቀ ቤት ሰው እንዳያይብኝ ብዬ ያደረግሁት እኔው ነኝ፤ ከዚያ ወዲያ ረሳሁት። ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ በበሬ ላይ «አትግቡ» የሚል ለጥፌ፣ ውስጥ ተቀምጬ ለምን እንግዳ አይመጣም እያልሁ ኖሬአለሁ!

አንዱ ጥፋት ሌላውን አስፈለገኝ። ስለ ሰበቃ የጻፍሁትን ገጽ ብመዝነው 14 ሜጋባይት ሆነ። የጥቍር ሰሌዳውን ሥዕል በስልኬ እያነሣሁ እንዳለ ጭኜው ኖሯል። በትንሽ ዳታ ለሚኖር ልጅ ይህ ትምህርት ሳይሆን ቅጣት ነው። ርእሶቼም ጉድ ናቸው፤ «የተፈጥሮ ምስጢር፣ ክፍል ሦስት» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ በዓለም ላይ የለም።

የፊደሉ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። እናንተም የራሳችሁን ጽሑፍ ፈልጋችሁ አጥታችሁ እንደሆነ ይጠቅማችሁ ይሆናል። በፊዚክስ ውስጥ «ኃይል» የሚለውን ቃል ሳይጽፉ ማደር አይቻልም። ሰው ቃሉን አንድ ጊዜ ለፎርስ፣ አንድ ጊዜ ለኢነርጂ፣ ሌላ ጊዜ ለፓወር ማዋሉ ሳያንስ፣ አጻጻፉም ኃይል፣ ኀይል፣ ሃይል፣ ሀይል እየሆነ አራት ነው። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቍጥር አለው፤ ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ውስጥ ሲመዘገብ ሀም ሐም ኀም ለየብቻ ቍጥር ተሰጥቷቸዋል፤ መሰጠቱም ተገቢ ነው። እኔ በትምህርት ቤት የተማርሁትን «ኃይል» ስጽፍ፣ ተማሪው በስልኩ የሚቀለውን «ሀይል» ይጽፋል፤ በገጼ ውስጥ ባለው መፈለጊያ ብሞክረው «ምንም አልተገኘም» አለኝ። አንድ በጡረታ የወጡ መምህር በደግነት የሰጡኝ ማስታወሻ ደግሞ በቀድሞው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ስለ ነበር፣ ገጹ ላይ ስለጥፈው የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ቍልል ሆኖ ነበር የተቀመጠው። ሦስት ገጽ እንዲህ ሆኖ ከርሟል፤ እኔም አላየሁትም። ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ ይነግረኝ ነበር።

ወይም ነግሮኝ ይሆናል። ከገጹ የሚላኩ መልእክቶች የሚደርሱበትን የኢሜይል ሣጥን በከፈትሁ ጊዜ፣ ከማይረባው የማስታወቂያ ክምር ውስጥ በየካቲት የተላከች አንዲት የአማርኛ መልእክት አገኘሁ። ጸሐፊዋ በሌላ ወረዳ የምትማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አድራሻውን ያገኘችው ከእኛ ትምህርት ቤት ከሚማር ዘመዷ ነው። እንዲህ ትላለች፦ «ቲቸር፣ በዘቅዛቃ ላይ ስላለ ሣጥን የጻፉት አልገባኝም። ኖርማል ፎርስ የክብደቱ ሳይን ነው ብለዋል። ታዲያ ዘቅዛቃው ቀጥ ብሎ ማዕዘኑ ዜሮ ቢሆን ሣጥኑ መሬቱን ምንም አይጫንም ማለት ነው?»

ላብ አሰመጠኝ። ልጅቱ ልክ ናት። የዜሮ ሳይን ዜሮ ነው፤ በእኔ ሒሳብ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሣጥን ጠረጴዛውን አይጫነውም! ኮሳይን መሆን ሲገባው ሳይን ብዬ፣ ሳይን መሆን የሚገባውን ኮሳይን ብዬ፣ ሁለቱን አገላብጬ ጽፌ፣ ስሕተቱን ደግሞ በሚያምር ፊደል አስጊጬ አስቀምጬዋለሁ። እሷ ከጠየቀችኝ አራት ወር ሆኗል። ፈተናው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው።

ያን ሌሊት ከኢኮኖሚክስ መምህሩ ሒሳብ ያልተቈጠረ አንድ ነገር እንዳለ ተረዳሁ። ብዘጋው ስሕተቱም አብሮ ይጠፋል፤ እውነት ነው። ግን ከገለበጡት ልጆች ደብተር አይጠፋም፤ ማረሚያውን የሚያገኙበትም ቦታ አይኖርም። የቴሌግራሙ ፋይልም ከጠቀሜታው ጋር ይኸው ችግር አለበት፤ ከስልክ ወደ ስልክ ከተላለፈ በኋላ አንዱን መስመር ላርመው ቢሉ የሚመልሰው የለም። ገጽ ግን አንድ ቦታ ነው የሚቀመጠው፤ እዚያው ይታረማል። ቸኵዬ ለልጅቱ ስሕተቱ የኔ መሆኑንና ትክክለኛውን ጽፌ ላክሁላት፤ ገጹንም ከመንጋቱ በፊት አረምሁት፤ ከላዩም መታረሙን ጻፍሁበት።

የገንዘቡን ነገር የፈታሁት እንዲህ ነው። ስሙን ብቻ አሳደስሁ፤ 15 ዶላር፣ ወደ 2,000 ብር ነው፤ ይህን ቆጥቤ ለአክስቴ ሰጠሁ፤ ልጇም ከዚያ ከፈለው። የ108 ዶላሩን ማደሪያ ግን ተውሁት። ፊዚክስ ለማስተማር የሚያስፈልገኝ ተራ ጽሑፍና ሥዕል ሆኖ ሳለ፣ ዘወትር መታደስ የሚፈልግ ትልቅ ቤት ተከራይቼ ኖሬአለሁ። ጊትሀብ የሚባለው ድርጅት ሥራውን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ለሚያስቀምጥ ሰው እስከ 1 ጊጋባይት የሚደርስ ገጽ ያለ ክፍያ ያሳድርለታል። ለመማር ዐሥር ቀን ፈጀብኝ፤ ሁለት ጊዜም ሁሉን አበላሽቼ እንደገና ጀመርሁ። ከ47ቱ ገጾች ያለፉት 19 ናቸው። ስለ ጥቍር ጉድጓድና ስለ ጊዜ ጉዞ የጻፍኋቸው ወደቁ፤ ሲጻፉ ደስ ያሉኝ እነዚያ ነበሩ፤ ግን ለተማሪ ሳይሆን ለጭብጨባ የተጻፉ ናቸው። ሥዕሎቹን በመስመር እንደገና ሣልኋቸው፤ 14 ሜጋባይት የነበረው ገጽ 180 ኪሎባይት ሆነ። ርእሱ «ሰበቃ (ፍሪክሽን) በዘቅዛቃ ላይ» ነው። ኃይል በሚለው ግርጌ ሌሎቹን አጻጻፎች ሁሉ አስቀምጫለሁ፤ የአማርኛ መምህራችን እንዳያዩብኝ እንጂ። ለባዮሎጂ መምህርቷም ተሸንፌላታለሁ፤ አዲስ ገጽ ሲወጣ አድራሻው በቻናሏ ይነገራል።

ዛሬ ቈጣሪው በቀን 40 ያህል ይላል፤ የራሴን ሳልቈጥር።

ልጅቱም በሁለተኛው ቀን መልስ ሰጥታኝ ነበር። «አመሰግናለሁ ቲቸር። ሦስት ጓደኞቼም ከገጹ ገልብጠው ነበር፤ ነግሬአቸዋለሁ። ፕሮጀክታይል ሞሽን ግን የለም፤ መቼ ይወጣል?» ትላለች። ያን ጊዜ ለፈተናዋ አልደረስሁላትም። አሁን የኳሷን መንገድ ሦስት ጊዜ ሥዬ ሦስቱንም ጥያለሁ፤ አራተኛው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ሳይኑንና ኮሳይኑን አንድ ሰው እንዲያይልኝ ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሰጥቻቸዋለሁ።