የባሕር እንክርዳድ

በመስታወት ገንዳ የጨው ውሃ ሞልቶ፥ በላዩም መብራት ሰቅሎ የባሕር ኮራል የሚያሳድግ ሰው ድካሙ ከአትክልተኛ ድካም ይበልጣል። ኮራል ድንጋይ መስሎ ይታያል እንጂ ድንጋይ አይደለም፤ ከኖራ ቤት ሠርተው በማኅበር የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሶች ናቸው። ዕድገታቸውም አዝጋሚ ስለ ሆነ መዳፍ የምታህል አንዲት ቅርንጫፍ የብዙ ዘመን ጥበቃ ናት።

ይህን ሁሉ ድካም ከንቱ የምታደርግ አንዲት ትንሽ እንስሳ አለች፤ ስሟም አይፕታዚያ ይባላል። ከባሕር በመጣ ድንጋይ ጕድጓድ ተሸሽጋ ትገባለች። ቡናማ ግንድ አላት፥ በራሷም ላይ ቀጫጭን ክንዶች እንደ ጠጕር ተበትነዋል፤ መጀመሪያ ያያት ሰው አበባ መስላው ደስ ይለዋል። ደስታውም ብዙ አይቆይም፤ ክንዶቿ በመርዝ የሚወጉ ናቸውና በአጠገቧ ያለው ኮራል ሥጋው ጥቂት በጥቂት እየተገፈፈ ነጭ አጥንቱ ይቀራል።

ገበሬ እንክርዳዱን በእጁ ነቅሎ ይጥላል። ይህችን ግን የነቀለ አበዛት፤ በድንጋዩ ላይ የቀረው የእግሯ ቅንጣት ራሱን ችሎ ሌላ አይፕታዚያ ይሆናልና። ማንም ሳይነካት እንኳ ስትንፏቀቅ ከእግሯ ቍራጭ እየጣለች ትሄዳለች፥ ከቍራጩም ልጅ ይበቅላል። ይህ ጠባይ የእርሷ ብቻ አይደለም። ካውሌርፓ የሚባለው አረንጓዴ የባሕር ተክል ለገንዳ ጌጥ ሲያድግ ኖሮ፥ እ.ኤ.አ. በ1984 በሞናኮ የባሕር ሙዚየም ግርጌ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ሆኖ ታየ፤ ከዚያም መልሕቅና መረብ እየቈራረጠ ስላዛመተው በሜዲቴራኒያን ጠረፍ በሺህ የሚቈጠር ሄክታር ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርኒያ በተገኘ ጊዜ ግን ሰዎቹ ሊነቅሉት አልቸኰሉም፤ በሸራ ከድነው ክሎሪን ሰደዱበት፥ ጠፋም የተባለው በ2006 ነው።

በገንዳው ላይስ ጠንካራ መድኃኒት ቢፈስ ምን ይሆናል? ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። አይፕታዚያና ኮራል ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም በሥጋቸው ውስጥ ጥቃቅን አልጌ አሳድረው ከብርሃን ምግብ ያገኛሉ። እርሷን የሚገድል እርሱንም ይገድላል። ዝምድናቸው የቀረበ ከመሆኑ የተነሣ የኮራልን ሕመም የሚመረምሩ ሊቃውንት ይህችኑ ጠላት በቤተ ሙከራ ወደው ያረቧታል፤ የዘረ መሏም ሙሉ ንባብ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ኮራሉ ያለቀበት ባለ ገንዳ ይህን ሰምቶ ቢስቅም ቢያዝንም አይፈረድበትም።

ስለዚህ ሥራው በጥቂት በጥቂቱ፥ በየአንዳንዷም ላይ ነው። ኖራ በውሃ ለውሶ እንደ ሊጥ ያወፍርና በሲሪንጅ ጫፍ ቀስ አድርጎ አፏ ላይ ያኖረዋል፤ ኖራውም ያቃጥላታል። እጁ ከተንቀጠቀጠ ወይም ክንዷን ከነካ ግን ወደ ጕድጓዷ ትሰበሰባለች፥ የዚያም ቀን ድካም ባክኖ ይቀራል። ኖራው ቢበዛ ደግሞ የውሃው ጠባይ ይለወጣል፤ በአንድ ቀን ሁሉን ልጨርስ የሚል ሰው ኮራሉን ይቀብራል።

ከሁሉ የምታስደንቅ በርጊያ የምትባል፥ ቅርፊት የሌላት ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ናት። ምግቧ አይፕታዚያ ብቻ ነው። በጨለማ ወጥታ ትበላታለች፤ የበላችውንም የመርዝ መውጊያ ሳታፈርስ በጀርባዋ ወደ ቆሙት ጣቶች አሳልፋ የራሷ ጦር ታደርገዋለች። ኮራሉን አትነካም። ነገር ግን ሥራዋ ወራት ይፈልጋል፥ እርሷንም የሚበላ ዓሣ አይታጣም። የመጨረሻዪቱ አይፕታዚያ ስትጠፋ በርጊያ የምትበላው የላትም፤ አስተዋይ ባለ ገንዳም በረኀብ ሳይሞቱበት የተረፉትን ለቅሞ፥ በጨው ውሃ ዕቃ አድርጎ፥ ገንዳው ገና ለተወረረበት ለሌላ ሰው ይሰጣቸዋል።